«ግድግዳውን ሞላችው»፦ ስለ ልጆች ሥዕልና የእጅ ሥራ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከቃሉ፣ ከቆቦና ከላስታ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚጠይቁት ልጆች በቤት ውስጥ ሲስሉ፣ ጭቃ ሲያቦኩ ወይም ስፌት ሲሰፉ ከቤተሰብ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም። በሁሉም መልሶቻችን የምንቆምለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ልጅ የሠራው ነገር የልጁ ሆኖ ይቅር። ቤተሰብ ቦታ፣ ጊዜ፣ ዕቃና ጆሮ ይስጥ፤ ሥራውን ግን ከልጁ እጅ አይውሰድበት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት፣ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ነው። የስድስት ዓመት ልጄ ከሰል ካገኘች ግድግዳውን፣ ጠመኔ ካገኘች በሩን ትሞላዋለች። አከራያችን በተደጋጋሚ ተቆጥተውናል። እኔም ስቆጣት ለጥቂት ቀን ትተወውና ተመልሳ ትጀምራለች። ባለቀለም እርሳስ ልግዛላት ብል ዋጋው አይቀመስም። መሳሏን ላስተዋት ወይስ ሌላ መላ አለ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ መሳሏን አያስተዉአት። አከራይዎ መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ ግድግዳው የሰው ንብረት ነውና። ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው በመሳሏ ላይ ሳይሆን በምትስልበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ መፍትሔውም የሚፈለገው ከዚያው ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚስለው ቆሞ፣ ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ እያንቀሳቀሰ ነው፤ ትንሽ ደብተር የሚጠበውና ሰፊ ግድግዳ የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግድግዳ የሚያህል ነገር ይስጧት። ከሱቅ የሚጣለውን የሳሙና ወይም የፓስታ ካርቶን ዘርግተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ አያይዘው በአንዱ ማዕዘን ያቁሙላት፤ ከኋላው የማዳበሪያ ከረጢት ቢሰቅሉ ቀለሙ ወደ ግድግዳው አያልፍም። ዓመቱ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ንጹሕና ሰፊ ነው። ማተሚያ ቤቶች ወረቀት ሲቆርጡ የሚተርፋቸውን ቁራጭ ቢጠይቋቸው በርካሽ ወይም በነፃ የሚሰጡ አሉ። ከዚያም ለልጅዎ ወሰኑን በግልጽ ይንገሯት፦ «ይህ ካርቶን ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ሳይበት። ግድግዳው ግን የእትዬ ነው።» እስካሁን የቆሸሸውን ግድግዳ ከእርስዎ ጋር ሆና በጨርቅ ታጽዳው፤ ቅጣት መሆን የለበትም፣ ሰው ያበላሸውን እንደሚያስተካክል እንድታውቅ ያህል ነው።

ቀለምን በተመለከተ ወጥ ቤትዎ ውስጥ ያለው ይበቃታል ለማለት እንደፍራለን። እርድ በጥቂት ውኃ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል። ተልጦ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውኃው ሐምራዊ ወደሆነ ቀይ ያደላል፤ የቡና አተላ ቡናማ ነው፤ የተፈጨ ከሰል ጥቁር ነው፤ እጅና እግር የሚሞቅበት እንሶስላም ብርቱካናማ ቀይ ያወጣል። ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈርና ቢጫ አፈር በየመንገዱ ቁፋሮ ዳር ይገኛል፤ አድቅቆ በነጠላ ጨርቅ መንፋት ብቻ ነው የሚፈልገው። እነዚህ ዱቄቶች በውኃ ብቻ ሲበጠበጡ ከደረቁ በኋላ ይረግፋሉ። ከቆላ የሚመጣውን የግራር ሙጫ በለብ ያለ ውኃ አሟሙተው ጥቂት ቢጨምሩበት ግን ቀለሙ ወረቀቱን ይይዛል። የእርድና የቀይ ሥር ቀለም ፀሐይ ሲመታው እንደሚደበዝዝ አስቀድመው ይንገሯት፤ የአፈርና የከሰል ቀለም ግን አይለቅም። ለብሩሽ የሚሆን ዘንግ አንዱን ጫፍ አኝኮ ወይም ቀጥቅጦ ማፍረክረክ ይቻላል፤ መፋቂያ የሚሠራበት መንገድ ነውና ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በብዙ ሰፈር ልጆች ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው በውስጡ ባለው ጥቁር ዱቄት ይስላሉ። ይህን ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ዱቄቱ ማንጋኒዝና ሌሎች ጎጂ ነገሮች ስላሉበት በእጅ ወደ አፍ ሊገባ ይችላል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀትም አቧራው ዓይንና ሳንባ ስለሚያቃጥል ለልጅ አይሆንም።

በአንዳንድ የከተማ መዋዕለ ሕፃናት ዱቄትና ጨው ለውሶ የመጫወቻ ሊጥ መሥራት የተለመደ ሆኗል። እኛ ይህን ለወሎ ቤት አንመክርም። የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ያየ ሰው በሚኖርበት ቤት እህል መጫወቻ ሲሆን ማየት ያማል፤ ይህንን ስሜት ልጆቻችን ሊያውቁትና ሊያከብሩት ይገባል። ጭቃ ከሊጥ የሚያንሰው ነገር የለም። ሸክላ አፈር ጠጠሩንና ሥሩን ለቅመው፣ በውኃ አርሰው፣ በላስቲክ ሸፍነው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ታሽቶ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። የጭቃ በሬ ቀንዱና እግሩ ቶሎ የሚሰበረው ቀጭን ስለሆነ ነው፤ መሐሉ ላይ ስንጥር ቢገባበት ይጸናል። ሥራው በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ በጥላ ሥር ለሁለትና ሦስት ቀን ቀስ ብሎ ይድረቅ። ልጅዎ የመጀመሪያው በሬ ሲሰነጠቅባት «ለምን?» ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ መልሱን ሳይነግሯት ሁለተኛውን ጥላ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ እንድታወዳድር ያድርጓት።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀደም ሲል ሲስል ይውል ነበር፤ አሁን ግን አንድ መስመር አስምሮ ደጋግሞ ያጠፋዋል፤ «አልችልም፣ አንተ ሳልልኝ» ይለኛል። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ጣት ሲበዛበት ወይም ቤቱ ሲጣመም አርመዋለሁ፤ ሲያምርለት ደግሞ ብር እሰጠዋለሁ። ሆኖም ፍላጎቱ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ነው። (አንድ አባት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በልጅዎ ላይ የሚያዩት ለውጥ በብዙ ልጆች ላይ በዚሁ ዕድሜ ግድም የሚታይ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ይሞነጫጭራል፤ በሦስት ዓመት አካባቢ ክብ መዝጋት ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ክብ እግርና እጅ ይወጣና ሰው ይሆናል፤ በስድስትና በሰባት ዓመት ከታች የመሬት መስመር፣ ከላይ ሰማይ ይኖራል። እስከዚያ ድረስ ልጁ የሚስለው የሚያውቀውን ነው። በዘጠኝና በአሥር ዓመት ግን ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ ይበስላል፤ የሳለው በሬ በሬ እንደማይመስል ራሱ ያየዋል። ችሎታው አልቀነሰም፤ አስተያየቱ ነው የሰፋው። ብዙ ሰው መሳል ያቆመው በዚህ ዕድሜ መሆኑን ስናስብ፣ እርስዎ አሁን የሚያደርጉት ነገር ክብደት እንዳለው ልንነግርዎ ይገባል።

በመጀመሪያ ብሩን ይተዉት። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን «ከሳላችሁ ሽልማት ትቀበላላችሁ» ብለው ቃል ገቡለት፤ ሁለተኛውን ሳይነግሩት ከሳለ በኋላ ሸለሙት፤ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡትም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይተው ቀለሙን በነፃ መጫወቻ ሰዓት ሲያስቀምጡላቸው፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለደስታው ይሠራው የነበረውን ነገር ለክፍያ የሚሠራ ሥራ ስላደረጉበት፣ ክፍያው ሲቀር ፍላጎቱም አብሮ ቀነሰ ማለት ነው።

እርማቱንም ለክፍል ያቆዩት። በሂሳብ አንድ ትክክለኛ መልስ ስላለ ማረም ማስተማር ነው፤ በሥዕል ግን ስድስተኛው ጣት ላይ የተጠቆመበት ልጅ የሚማረው እርስዎ እስኪያዩለት መጠበቅን ነው። በምትኩ ሥዕሉ ውስጥ ስላለው ነገር ይጠይቁት፦ ይህ ሰውዬ ከየት እየመጣ ነው? በጉ ወዴት ነው የሚያየው? ሰማዩን እንዲህ ያጠቆርኸው ሊዘንብ ሲል ነው? «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ይሁንና ልጁ በትክክል እንደተመለከቱለት የሚያውቀው ያስተዋሉትን ነገር ስም ጠርተው ሲነግሩት ነው። «አንተ ሳልልኝ» ሲልዎም በእርሱ ወረቀት ላይ አይሳሉለት፤ የእርስዎ መስመር ከገባበት በኋላ ሥዕሉ የእርሱ አይሆንም። ከጎኑ ተቀምጠው በሌላ ወረቀት የራስዎን ይሳሉ።

ዓይኑ ስለበሰለ ለዓይኑ ሥራ ይስጡት። ጀበና ከፊቱ ያስቀምጡና ከመሳሉ በፊት ዝም ብሎ እንዲያየው ያድርጉ። ከዚያም ጀበናውን ትቶ በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ እንዲስል ይጠይቁት። ልጆች ጀበና ምን እንደሚመስል አስቀድመው «ስለሚያውቁ» ሳያዩ ይስሉታል፤ ያን ባዶ ቦታ ግን ማንም በቃሉ ስለማያውቀው ለማየት ይገደዳሉ። ባዶው ቦታ በትክክል ሲወጣ ጀበናው ራሱ አብሮ ይወጣል። ልጅዎ ይህን አንድ ጊዜ ካየ «አልችልም» የሚለው ቃል ይቀንሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የምትኖሩበት ከተማ ደግሞ ለዚህ የተለየ ዕድል አለው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተዘጋጀው ባለ ሥዕል ወንጌል፣ የተሠራበት ዘመን ከሚታወቁት የኢትዮጵያ ባለ ሥዕል መጻሕፍት መካከል ከቀደሙት አንዱ ነው። በጥንታዊ የብራና ሥዕሎቻችን ላይ ሰዎች ዓይናቸው ሰፊ ነው፤ የልብሳቸው እጥፋትም በተደረደሩ መስመሮች ይታያል፤ ሠዓሊዎቹ ሰውን በመስታወት እንደሚታይ ለመገልበጥ አልተጨነቁም። የእነዚህን ሥዕሎች ፎቶግራፍ ለልጅዎ ያሳዩት፤ መምሰልና ማማር አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከማንኛችንም ምክር በላይ የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ሥዕልና የሽቦ መኪና መሥራት ያበዛል። ትምህርቱን አያስረሳውም? (አያት፣ ከመርሳ)

መልስ፦ አባታችን፣ ከጥናቱና ከእንቅልፉ ላይ እስካልወሰደ ድረስ አያስረሳውም። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ መለካት፣ ማመጣጠንና ጎማው ለምን እንደማይዞር መመርመር ግድ ይሆንበታል፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጅ የማረፍ፣ የመጫወትና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሽቦው ጫፉ ዓይን እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ይታጠፍለት።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ሰውና እንስሳ መሳል ትወዳለች። በጎረቤት ያሉ ሽማግሌዎች ነፍስ ያለው ነገር መሳል ክልክል ነው አሉኝ። ፍላጎቷን መስበር አልፈለግሁም፤ ሃይማኖቴንም መተላለፍ አልሻም። (አንድ አባት፣ ከቃሉ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህ ዓምድ ፈትዋ (የሃይማኖት ብይን) የሚሰጥ ስላልሆነ ፍርዱን የሚያምኗቸውን ዑለማ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን ጉዳዩ የልጅ መሆኑን መግለጽዎን አይርሱ፤ የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት እመት ዓኢሻ በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር የሚናገረው ሐዲስ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ዑለማ ስለ ልጆች መጫወቻ ሲነጋገሩ የሚያነሡት ነው፤ በወረቀት ላይ ስለሚሳል ሥዕልም የተለያየ አስተያየት አላቸው።

የሚሰጥዎት መልስ ምንም ይሁን ምን፣ ልጅዎ የምትሠራው አታጣም። በወሎ የቁርኣን ልጆች በእንጨት ሉሕ ላይ በቀለም መጻፍን ተምረው አድገዋል፤ ሸኾቻችንም የአማርኛ መንዙማን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው አቆይተውልናል። ብዕሩ ሲሰፋ መስመሩ የሚወፍርበትን፣ ሲዘም የሚቀጥንበትን መንገድ መማር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሌላም እንንገርዎ። ኮምፓስ ከሌለ ሁለት ጫፉ ላይ እርሳስና ሚስማር የታሰረ ክር ይበቃል። አንድ ክብ ትሥራ፤ የክሩን ርዝመት ሳትለውጥ ሚስማሩን በክቡ ጠርዝ ላይ ተክላ ሌላ ክብ ታዙር፤ ሁለቱ በተገናኙበት ነጥብ ላይ ደግማ ትትከል። እንዲህ እየዞረች ስትሄድ በስድስተኛው ላይ መጀመሪያው ነጥብ ላይ ትደርሳለች፤ መሐል ላይም ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን እንዴት እንደምታፈራርቅ፣ ክቦቹን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ እንዴት እንደምታባዛ የእርሷ ፈንታ ነው። ቅጠል፣ ወንዝ፣ የጦሳን ተራራ የመሰለ መልክዓ ምድር፣ የጥልፍ ሐረግ ሁሉም ክፍት ናቸው። እኛ የምንሰጋው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ «መሳል ኃጢአት ነው» የሚለውን ብቻ ሰምታ እጇን ከሁሉም እንዳትሰበስብ። ስለዚህ ዑለማን ሲጠይቁ ከጎንዎ ብትሆንና ራሷ ብትጠይቅ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ጦርነቱ ወደ ቆቦ ሲመጣ ልጄ ገና ሕፃን ነበር። አሁን አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የሚስለው ግን ጠመንጃ፣ ታንክና የሚቃጠል ቤት ብቻ ነው። ወረቀቱን ስቀድበት ደብቆ ይስላል። (አንዲት እናት፣ ከቆቦ)

መልስ፦ እህታችን፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያሳለፋችሁትን እናውቃለን፤ ከዚያ በኋላም የተኩስ ድምፅ ከልጆቻችን ጆሮ አልራቀም። ልጅ የሚያስፈራውን ነገር በቃል መናገር ሲያቅተው በእጁ ያወጣዋል። ወረቀቱን ሲቀዱበት ፍርሃቱ አይቀደድም፤ የሚቀረው ለእርስዎ ማሳየቱ ነው። ስለዚህ እባክዎ አይቅደዱ። ጠመንጃውንም አያድንቁለት። አጠገቡ ተቀምጠው ረጋ ባለ ድምፅ «እስቲ ንገረኝ» ይበሉት፤ ዝም ካለም ዝም ብለው አብረውት ይቆዩ። መናገር ከጀመረ «ቤቱ ውስጥ እነማን ነበሩ? ከዚያስ ወዴት ሄዱ? ማን ረዳቸው?» እያሉ ታሪኩ ከእሳቱ አልፎ እንዲቀጥል ይርዱት። ብዙ ልጆች ጊዜና ሰሚ ሲያገኙ በሥዕላቸው ውስጥ ከቃጠሎው ጎን ሰው፣ ዛፍ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው መጨመር ይጀምራሉ። ይህ እንዲመጣ ግን አያስገድዱት፤ «አበባ ሳል» ብሎ ማዘዝ አፉን እንደ መዝጋት ነው።

አካሉንም ያሳትፉት። የነሐሴው ሶለል ጨዋታ የልጃገረዶቹ ቢሆንም ወንዶቹ ለቡሄ ሆያ ሆዬ አላቸው፤ ከእኩዮቹ ጋር ዱላ እየመታ የሚዘምር ልጅ በወረቀት የማያገኘውን ያገኛል።

ልዩ ትኩረት የሚሹ ምልክቶችም አሉ። ሌሊት እየባነነ የሚጮህ፣ ትቶት የነበረውን በመኝታ ላይ መሽናት የጀመረ፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ከጓደኞቹ የሚሸሽ ወይም ያንኑ ሥዕል ያለ ምንም ለውጥ ደጋግሞ ሲስል ጭንቀቱ የሚብስበት ከሆነ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ሥዕሎቹን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልኩዎት ይጠይቁ። ይህ የእናትነት ጉድለት አይደለም። ለእርስዎም የሚያዳምጥዎ ሰው ያስፈልግዎታል፤ ልጅዎ ያየውን ሁሉ እርስዎም አይተዋልና።

ጥያቄ፦ እኔ ስፌት ስሰፋ የኖርሁ ነኝ፤ ይህንን የምትጽፍልኝም የ12 ዓመት የልጅ ልጄ ናት። ሰፌድና ሌማት እያስተማርኋት ነው። እርሷ ግን እናቶቻችን ያቆዩትን መልክ ትታ ከራሷ ፈረስ፣ መኪና፣ ፊደል ልታስገባ ትፈልጋለች። ልከልክላት ወይ? (አያት፣ ከላስታ)

መልስ፦ እናታችን፣ አይከልክሏት፤ ማስተማርዎንም አይተዉ። ከላይ ለሌሎች ጠያቂዎች «አታርሙ» ያልነው ለስፌት ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ወስፌ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የአክርማው ሣር ምን ያህል እንደሚርስ፣ የስንደዶው ሣር ዙር ሳይላላ እንዴት እንደሚጠብቅ የማታውቅ ልጅ ያሰበችውን ፈረስ ልታወጣው አትችልም፤ ዙሩ ከላላ ፈረሱም ይጣመማል። እንግዲህ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ትያዝ። አንዱ እርስዎ እንዳሳዩዋት የሚሰፋ ሌማት ይሁን፤ በዚህኛው ላይ የላላውን ዙር አስፈትተው ያሰፏት። ሁለተኛው የእርሷ ትንሽ ሰፌድ ነው፤ በእርሱ ላይ ስትጠይቅዎ ብቻ ይመልሱላት። ስፌት ከመሐል ወጥቶ ወደ ጠርዝ እየሰፋ ስለሚሄድ ፈረሱን አስቀድማ ማሰብ ይኖርባታል፤ በየዙሩ ቀለም የሚገባባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ በነጥብ ትሳል፤ እግሩ በየትኛው ዙር እንደሚጀምር፣ ጀርባው በየትኛው እንደሚያልቅ ትቁጠር። ክቡ እየሰፋ ሲሄድ መልኩም አብሮ እንደሚለጠጥ ታገኘዋለች። እርስዎም ምናልባት እናቶቻችን የመሐሉን ኮከብና የጠርዙን ጥርስ የመረጡበትን ምክንያት በዚያን ጊዜ ሊነግሯት ይችላሉ፤ ሠርታ ስለሞከረችው በደንብ ይገባታል።

አለላውንም ከእርስዎ ጋር ትንከር፤ የፈላውን ቀለም ግን እርስዎ ያንሡት። መስከረም ላይ አዲስ ስንደዶ ሲለቀም የራሷን እስር ለብቻዋ ታስቀምጥ፤ ከእርሱ ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ አረንጓዴ፣ ስንቱ ሳይነከር እንደሚቀር ራሷ ትወስን።